ሳይጠሩት የሚመጣ ማስታወቂያ

ሰው ዜና ሊያነብ ስልኩን ከፍቶ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳይጨርስ፣ ያልጠራው ማስታወቂያ መጥቶ ጽሑፉን ሲጋርድበት፣ ሲዘጋው ሌላ ሲተካ፣ ሲተወውም ስልኩን እያጋለና ዳታውን እየጨረሰ ውሎ ሲያድር፣ አብዛኛውን ጊዜ «ቫይረስ ገባበት» ብሎ ያማርራል፤ ካማረረም በኋላ ወይ ይለምደዋል፣ ወይ ለጠጋኝ ሰጥቶ ፎቶውንም ስልክ ቁጥሩንም አንድ ላይ ያስጠፋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህን ደዌ ምክንያት ለመረመረ ሰው ግን መማረሩም መልመዱም ከንቱ መሆናቸው ይገለጥለታል፤ ከእነዚህ ማስታወቂያዎች መካከል በዘፈቀደ የሚመጣ የለምና። ሁሉም በአንድ ፈቃድ ይገባሉ፤ ያን ፈቃድ አንዳንድ ጊዜ ባለስልኩ ራሱ በችኮላ ይሰጠዋል፤ አንዳንድ ጊዜ በሌላ ነገር ተጠቅልሎ ሳያውቀው ከእጁ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ገና ሳይሸጥ ሌላ ሰው በእርሱ ፈንታ ሰጥቶ ይጠብቀዋል። ፈቃዱ የተሰጠበትን ስፍራ ላገኘ ሰው ፈውሱ ብዙውን ጊዜ ፈቃዱን መሻር ብቻ ነው፤ ስፍራውን ላላገኘ ግን ስልክ መለወጥም ዘላቂ ዕረፍት አይሰጠውም።

የነገሩ ጥንት

ማስታወቂያ በድረ ገጽ ላይ መታየት የጀመረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1994 ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት ኤቲ ኤንድ ቲን ከመሳሰሉ ኩባንያዎች ገንዘብ ተቀብሎ ጠባብና ባለቀለም ሰሌዳዎችን በገጹ ላይ አኖረ። ያ ሰሌዳ ጨዋ ነበር፤ ከተሰጠው ስፍራ አይንቀሳቀስም፣ የአንባቢውን ዓይን አይጋርድም፣ ያልፈለገው ሰውም ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ብቅ የሚለው መስኮት ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተወለደውም፣ ሰው እንደሚያስበው፣ ከስግብግብነት ሳይሆን ከኀፍረት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ ግዛት ዊልያምስታውን በምትባል ከተማ ትራይፖድ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ሥራውም ማንም ሰው የራሱን ገጽ በነጻ የሚያሰናዳበትን ስፍራ መስጠት፣ ወጪውንም በማስታወቂያ መሸፈን ነበር። አንድ ታላቅ መኪና አምራች ገንዘብ የከፈለበት ማስታወቂያ ከአንድ ጸያፍ ገጽ ላይ ተለጥፎ ቢያገኘው ተቈጣ፤ በኩባንያው ይሠራ የነበረው ኤታን ዙከርማንም የገጹ ነውር ለማስታወቂያው ባለቤት እንዳይተርፍ በማሰብ፣ ማስታወቂያውን ከገጹ ለይቶ ራሱን በቻለ መስኮት የሚከፍት ኮድ ጻፈ። ይህ ብልሃት ካሰበለት ጉዳይ አልፎ ዓለምን ሁሉ እንደሚያስመርር ያኔ አልተገለጠለትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ዘ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ በግልጽ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ጽሑፍ ኢንተርኔት ለማስታወቂያ ገቢ ማደሩን የኢንተርኔት ጥንተ አብሶ አድርጎ በመቁጠር፣ በሰው ላይ የሚደረገው ክትትል ሁሉ ከዚያ የወረደ መሆኑን ተናዘዘ።

የብራውዘር ሠሪዎች ዝም አላሉም። ኦፔራና ሞዚላ ቀድመው ሳይጠየቅ የሚከፈተውን መስኮት የሚያግድ መቈጣጠሪያ አበጁ፤ ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2004 በዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ የማሻሻያ ጥቅል አማካይነት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ አስገባው። በዚያን ጊዜ ነገሩ ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን በገጹ በኩል ያለው መንገድ ሲጠብባቸው ማስታወቂያ ነጋዴዎች ወደ መሣሪያው ውስጥ ገቡ። ብራውዘሩ ሊያግድ የሚችለው ከድረ ገጽ የሚመጣውን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ ሕጋዊ ፕሮግራም ተጭኖ የተቀመጠውን ግን እንዴት አድርጎ ያግደዋል? አድዌር የሚባለው ይኸው ነው፤ ሥራው ማስታወቂያ ማሳየት ሆኖ፣ ሌላ ጠቃሚ ሥራ የሚሠራ መስሎ ወይም ጭራሽ ተሰውሮ የሚቀመጥ ፕሮግራም።

ከጠጋኙ ጠረጴዛ

በአዲስ አበባ መገናኛ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች በአንዱ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ በምትይዝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡ እናት ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ከጠጋኙ ፊት አኖሩት።

«ልጄ፣ ይኼ ስልክ ቫይረስ አለብህ እያለ ይጮኻል፤ ሌሊት ሳይቀር ብልጭ ይላል። ጎረቤቴ ፎርማት አስደርጊው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የልጆቼ ፎቶ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ» አሉት።

«እናቴ፣ ፎርማት እንኳ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ መጀመሪያ የሚጮኸው ማን እንደሆነ እንየው» አለና ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ጣቱን ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ሲስበው መልእክቶቹ ተዘረገፉ፤ አንዱ ከአንዱ የበለጠ የሚያስፈራ፣ ቀይ የጥንቃቄ ምልክት ያለበት፣ ስልኩ መበከሉንና አሁኑኑ መጽዳት እንዳለበት በእንግሊዝኛ የሚያውጅ ነበር። ልጁ መልእክቱን ነክቶ አልከፈተውም፤ ጣቱን በላዩ አሳርፎ ያዘው። በዚህ ጊዜ ከሥሩ በደቂቅ ፊደል ክሮም የሚለው ስምና የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ታየ። አድራሻው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌለው ነበር።

«እናቴ፣ ይኼ ቫይረስ አይደለም፤ ከክሮም የሚላክ ማስታወቂያ ነው። ‹ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አሎው የሚለውን ይጫኑ› የሚል ነገር መጥቶብዎት ነበር?»

«ድራማ ልከፍት ስል እንቢ አለኝና እሺ አልኩት፤ ምን ላድርግ?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው፤ ይሁን እንጂ የተቻኮሉት እኚህ እናት ብቻ አይደሉም። ድረ ገጾች ብራውዘሩ በተዘጋበትም ሰዓት መልእክት መላክ እንዲችሉ ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቅዶ ነበር፤ የታሰበውም ሰበር ዜናንና ኢሜይልን ለመሳሰሉ ጉዳዮች ነው። አታላዮች ግን ይህን ፈቃድ ከሌላ ነገር ጋር እያምታቱ፣ ለቪዲዮ መክፈቻ ወይም ሰውነትን ለማረጋገጫ እያስመሰሉ ይቀበሉት ጀመር። ይህ በመብዛቱ ምክንያት ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ተጠቃሚው ገጹን ሳይነካ ጥያቄው ብቅ እንዳይል አደረገ፤ ክሮምም በሚቀጥለው ወር ጥያቄውን ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያቀርብበትን ሥርዓት አወጣ። ቀድሞ የተሰጠው ፈቃድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ እስኪሽረው ድረስ ጸንቶ ይኖራል።

ጠጋኙ ክሮምን ከፍቶ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነካ፤ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን ብሎ ሲገባ ፈቃድ ያገኙት ድረ ገጾች ተራ በተራ ተሰልፈው ተገኙ። እኚያ እናት የሚያውቁት አንድም አልነበረም። እያንዳንዱን እየነካ ብሎክ አደረገው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶም ፖፕ አፕና ሪዳይሬክት የሚለው መዘጋቱን አረጋገጠ።

ሆኖም ሥራው በዚህ አላበቃም። ክሮም ተዘግቶ፣ ስልኩ ከፊት ገጹ ላይ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ስክሪኑን በሙሉ የሸፈነ የጨዋታ ማስታወቂያ መጣ። ጠጋኙ ለመዝጋት አልተጣደፈም፤ ይልቁንም በቅርቡ የተከፈቱትን አፖች የሚያሳየውን አራት ማዕዘን ምልክት ነካ። ማስታወቂያው የመጣው ስምም ሆነ ምልክት ከሌለው አንድ ባዶ ካርድ ሥር ነበር። «አገኘነው» አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የአፖቹን ዝርዝር ወደ ታች እየገፋ ሲወርድ፣ ከታወቁት ስሞች መካከል ስሙ የተሰወረ፣ ሥዕሉም የማይታይ አንድ መስመር አገኘ፤ ሲነካው ግን ማጥፊያው ቃል ደብዝዞ አልሠራ አለ።

እንዲህ ያለው አፕ ሲጫን የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይጠይቃል፤ ሥልጣኑን ካገኘ በኋላ ባለስልኩ እንኳ ያን ሥልጣን ሳይገፍ ሊያጠፋው አይችልም። ልጁ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ዲቫይስ አድሚን አፕስ የሚለውን አግኝቶ ሥልጣኑን ገፈፈው፤ ወደ ዝርዝሩ ሲመለስ ደብዝዞ የነበረው ቃል ነቅቶ ነበርና አጠፋው። ከዚያ በኋላ በሌሎች አፖች ላይ ለመታየት ፈቃድ ያላቸውን ዝርዝር ከፍቶ፣ ከጥሪና ከመልእክት አፕ በቀር ሌላውን ሁሉ ከለከለ።

«እናቴ፣ ይኼን አፕ ማን ጫነልዎት?»

«የመዝሙር ነው ብሎ የእኅቴ ልጅ በዜንደር የላከልኝ ይሆናል። መዝሙሩ እንኳ ደህና ይዘፍናል።»

«መዝሙሩ ምንም አላደረገም፤ ያስቸገረው አብሮት የገባው ነው» አላቸው።

ማን ይከፍላል?

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ገንዘብ። ማስታወቂያ አስነጋሪው ኩባንያ ለደላላ ይከፍላል፣ ደላላው ለሌላ ደላላ፣ ያም አፑን ለሠራው ሰው፤ ክፍያውም ማስታወቂያው በታየ ቁጥር፣ በተነካ ቁጥር፣ ወይም አንድ አፕ በተጫነ ቁጥር ይሰላል። የአንዱ ጊዜ ክፍያ እጅግ ጥቂት ቢሆንም በብዙ ሺህ ስልክ ሲባዛ የሚያስጎመጅ ሀብት ይሆናል። ደላላው ስለበዛም ገንዘቡን የከፈለው ኩባንያ ማስታወቂያው በየትኛው በር እንደገባ ብዙውን ጊዜ አያውቅም፤ ካወቀም የማያውቅ መምሰል ይቀለዋል።

ይህ ንግድ በፍርድ ፊት የቀረበባቸው ጊዜያት አሉ። ዛንጎ የተባለው ኩባንያ ፕሮግራሙን ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ በሰው ኮምፒዩተር ላይ በመጫንና እንዳይጠፋ አድርጎ በመሥራት ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዳይሬክት ሬቨኑ የተባለውም በሚቀጥለው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ኩባንያዎቹ ቢጠፉም ዘዴያቸው ወራሽ አላጣም፤ ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ፣ ከስልክም ወደ ድሃው ስልክ ተሸጋገረ።

የተጠቀለለ ፈቃድ

በኮምፒዩተር ላይ ዋነኛው መግቢያ የነጻ ፕሮግራም መጫኛ ነው። ሰው የሚፈልገውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ ሲጭን፣ ከሚቀርብለት መስኮት በአንዱ ላይ ሌላ ያልጠየቀው ፕሮግራም አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጣል፤ ኔክስት፣ ኔክስት እያለ የሚያልፍ ሰው ምልክቱን ሳያነሣ ይፈርማል። ይህን የሚያደርጉት ተራ አጭበርባሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ኦራክል የተባለው ታላቅ ኩባንያ እንኳ የጃቫን ማሻሻያ ለሚጭን ሰው አስክ የተባለውን የፍለጋ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት በዚሁ መንገድ ያቀርብ ነበር። ስለሆነም ፕሮግራም ሲጫን ፈጣን ከሚለው ምርጫ ይልቅ ከስተም ወይም አድቫንስድ የሚለውን መርጦ እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ያዋጣል።

ሁለተኛው መግቢያ ኤክስቴንሽን የሚባለው፣ በብራውዘር ላይ የሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይረቅቃል፤ ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ ሊበላሽ ይችላልና። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለ፣ ያልተነኩ የክሮም ገጾችን እያስተኛ የኮምፒዩተሩን ጉልበት የሚቈጥብ፣ ብዙ ሰው የሚወደው ኤክስቴንሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሠሪው ማንነቱ ላልታወቀ ገዢ ሸጠው፤ ተጠቃሚዎቹ ምንም ሳይጠየቁ፣ የሰጡት ፈቃድ ከነሙሉ ሥልጣኑ ለአዲሱ ባለቤት ተላለፈ። ጎግል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ጎጂ ኮድ እንደያዘ አስታውቆ ከክሮም የኤክስቴንሽን መደብር አስወገደው፤ በተጠቃሚዎቹ ክሮም ላይም አሰናከለው። ኤክስቴንሽን በበዛ ቁጥር የማናውቀው ጌታ እንደሚበዛ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ሌኖቮ የተባለው የቻይና ኩባንያ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም አስቀድሞ ተጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው በሚጎበኛቸው ገጾች መካከል የራሱን ማስታወቂያ ለመሰግሰግ ይፈልግ ነበርና፣ ምስጢር እንዲሆን የተቈለፈውን ግንኙነት ሁሉ ራሱ ከፍቶ መልሶ ያሽገው ነበር። ይህም የደብዳቤ አመላላሽ የታሸገውን ፖስታ ከፍቶ የራሱን ወረቀት ካስገባበት በኋላ በሐሰተኛ የንጉሥ ማኅተም መልሶ እንደማተም ያለ ነው፤ ከዚህም ብሶ የማኅተሙ ቅርጽ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አንድ ዓይነት ነበር። ሮበርት ግራሃም የተባለ የጸጥታ ባለሙያ ፕሮግራሙን ፈትሾ ቁልፉን የሚከፍተውን የምስጢር ቃል በአጭር ጊዜ አገኘው፤ ቃሉ ኮሞዲያ የሚል፣ የማተሚያውን መሣሪያ የሠራው ኩባንያ ስም ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ክፉ ሰው የባንክ ገጽ መስሎ ሊቀርብ ይችል ነበር። ማስታወቂያ ስለ ማስቸገሩ ብቻ የሚጠላ የሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ ልብ ይበል፤ ማስታወቂያ ለመሰግሰግ የተከፈተ ቀዳዳ ለሌባም ይበቃል።

ከፋብሪካው የመጣ

የሱፐርፊሽ ታሪክ በሩቅ አገር ያበቃ እንዳይመስለን፣ ወደ አገራችን የሚዘልቅ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸጥታ ተመራማሪዎች ኤክስሄልፐር የተባለ የአንድሮይድ ጎጂ ፕሮግራም አገኙ፤ ባሕርይውም እጅግ አስገረማቸው፤ ስልኩ ፋክተሪ ሪሴት ተደርጎ ሁሉም ነገር ከጠፋ በኋላ እንደገና ይነሣ ነበርና። ካስፐርስኪ የተባለው ድርጅት ምስጢሩን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያብራራ፣ ፕሮግራሙ ትሪያዳ በተባለ ሌላ መሣሪያ አማካይነት ሪሴት ወደማይነካው የስልኩ የሥርዓት ክፍል ገብቶ ፋይሉ እንዳይጠፋ አድርጎ እንደሚያትመው ገለጸ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ጸጥታ ድርጅትና ባዝፊድ ኒውስ ባወጡት ዘገባ፣ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር ከቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ ተጭነው መገኘታቸውን አስታወቁ። አፕስትሪም እ.ኤ.አ. ከማርች 2019 ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን ማገዱን ገለጸ፤ አብዛኞቹም የተመዘገቡት በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ ነበር። ግብይት የተባለው ባለስልኩ ሳያውቅ ክፍያ ላለባቸው አገልግሎቶች እየተመዘገበ ካርዱ የሚቈረጥበት ነው። የስልኩ አምራች ትራንሽን ኩባንያው ከዚህ ምንም እንዳልተጠቀመ፣ ጥፋቱም በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ አንድ ሻጭ መሆኑን ተናግሮ፣ ማረሚያ ማዘጋጀቱን አስታወቀ።

እዚህ ላይ የባለስልኩ ጥንቃቄ ምን ይረባል? አሎው አልነካም፣ ኤፒኬ የሚባለውን የአፕ መጫኛ ፋይል ከሌላ ተቀብሎ አልጫነም፣ ኔክስት እያለ አላለፈም፤ ከጉሮሮው ቈጥቦ የገዛው ስልክ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ በእርሱ ስም ፈቃድ ተሰጥቶበት ነበር። ርካሽ ስልክ የሚገዛ ሰው የቀነሰለትን ዋጋ በሌላ መንገድ በየዕለቱ ሲከፍል መኖሩ ከሁሉ የሚያሳዝነው የዚህ ንግድ ገጽታ ነው። ካርዱ ያለ ምክንያት የሚያልቅበት ሰው ከአፑ ዝርዝር ሌላ ወደ ቴሌ ደውሎ ያልጠየቃቸው አገልግሎቶች ተመዝግበውበት እንደሆነ ያጣራ፤ ማረሚያ መጥቶ እንደሆነም በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም አፕዴት የሚለውን ከፍቶ ይመልከት።

ማጽዳትና መከላከል

የስልኩ ማጽጃ ከላይ በጠጋኙ እጅ ታይቷል፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ማስታወቂያው ስልኩን እስከማያስነካ ድረስ ከበዛ፣ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ፓወር ኦፍ የሚለውን በስክሪኑ ላይ ተጭነው ሲይዙት፣ በብዙዎቹ ስልኮች ሴፍ ሞድ የሚል ምርጫ ይመጣል፤ በዚያ ሥርዓት ስልኩ ሲነሣ በኋላ የተጫኑት አፖች ሁሉ ያንቀላፋሉ፤ በጸጥታው ጊዜ አጥፊውን ለይቶ ማጥፋት ይቻላል። ስልኩን ፍላሽ ማስደረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደገና ማስጫን፣ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መድኃኒት አይደለም።

በላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተጫኑት ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን ቅደም ተከተል ተደርድረው ይታዩ፤ ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባ ያልታወቀ ፕሮግራም ካለ ይጥፋ። ቀጥሎ የብራውዘሩ ኤክስቴንሽኖች አንድ በአንድ ይመርመሩ። ብራውዘሩ ሁልጊዜ በማይታወቅ ገጽ ከተከፈተ፣ በዴስክቶፑ ላይ ያለውን የክሮም ምልክት በቀኝ ነክቶ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ታርጌት የሚለውን መስመር ማየት ይገባል፤ ከፕሮግራሙ ስም በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎበት ከተገኘ እርሱ ነው የሚመራው። የመሥሪያ ቤት ያልሆነ ላፕቶፕ ላይ ክሮም «በድርጅትዎ የሚተዳደር ነው» የሚል ቃል ካሳየም አንድ ፕሮግራም ራሱን ባለሥልጣን ማድረጉ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ አድውክሊነር የተባለውን ነጻ ማጽጃ ከሠሪው ከማልዌርባይትስ ገጽ ብቻ አውርዶ ማስኬድ ነው፤ ከሌላ ስፍራ የወረደ ማጽጃ ራሱ በሽታው ሊሆን ይችላልና።

«ኮምፒዩተርዎ ተቈልፏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» እያለ ስክሪኑን ሞልቶ የሚጮኸው ገጽ ግን ከማስፈራራት በቀር የቈለፈው ነገር የለም። ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ጥቂት ይዞ መቈየት፣ እንቢ ካለም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ በሚመጣው ዝርዝር ብራውዘሩን መዝጋት ይበቃል፤ የተጻፈው ቁጥር ላይ መደወል ግን ገንዘብንም ኮምፒዩተርንም ለአታላይ ማስረከብ ነው።

ስለ መከላከል ሲነሣ፣ ማስታወቂያ ማገጃ መጠቀም ቅንጦት ሆኖ የሚታያቸው አሉ። ነገር ግን የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እንኳ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022፣ ወንጀለኞች የታወቁ ድርጅቶችን መስለው በፍለጋ ውጤቶች ላይ ማስታወቂያ እንደሚገዙ አስጠንቅቆ ሕዝቡ የማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽን እንዲጠቀም መክሯል። ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ነጻ ማገጃ በአንድሮይድ ስልክም በላፕቶፕም በፋየርፎክስ ላይ ይሠራል። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ስልኮች ደግሞ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ስፍራ አላቸው፤ እንደ አድጋርድ ያሉ ድርጅቶች የሚያወጡትን አድራሻ እዚያ ላይ ቢጽፉት፣ ብዙው የማስታወቂያ ግንኙነት ገና ሳይጀመር ይቀራል፤ ዳታም ይተርፋል።

በአገራችን ግን ትልቁ መግቢያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ኤፒኬ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው በነበሩበት ወቅት ብዙ ሰው እገዳውን የሚያልፍበት ቪፒኤን የተባለ አፕ ጭኖ ነበር፤ በዚያ ችግር የተጫነ ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ከችግሩ በኋላ ተነሥቷል ማለት ግን አይደለም፤ የሚያልፈውን ግንኙነት ሁሉ እያየ፣ ማስታወቂያውንም እየላከ በብዙ ስልክ ውስጥ ተረስቶ ተቀምጦ ይሆናል። ስለዚህ አፕ ከፕለይ ስቶር መጫን፣ ከዚያም ውጭ መጫን ግድ ከሆነ ከሠሪው ራሱ መቀበል፣ ከተጫነም በኋላ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለውን ፈቃድ ለዜንደርም፣ ለቴሌግራምም፣ ለክሮምም መልሶ መዝጋት ያስፈልጋል። ፕለይ ስቶርም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ብቻ 600 የሚጠጉ አፖችን ያለ ቦታው ማስታወቂያ ስላሳዩ አስወግዷል። የባትሪ መብራት አፕ ስልክ ቁጥር ዝርዝርን ከጠየቀ፣ ካልኩሌተርም በሌሎች አፖች ላይ ልታይ ካለ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጋራ ግዴታ

ሁሉን በባለስልኩ ትከሻ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። የእኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ ለመጠቀም ፈቃዱ አንዱ መሠረት እንዲሆን ደንግጓል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ሕግ ደግሞ፣ ፈቃድን መሻር ፈቃድን የመስጠትን ያህል ቀላል መሆን አለበት ይላል።

የነገሩ ሁሉ መለኪያ ይኼ ቢሆን ይገባል። እኚያ እናት እያንዳንዱን ፈቃድ የሰጡት በአንድ ንክኪ ነበር፤ ጠጋኙ ለመሻር ግን ዝርዝር በዝርዝር ላይ መክፈት፣ የተሰወረ አፕ መፈለግ፣ ሥልጣን መግፈፍ ነበረበት። ይህን ርቀት የሠሩት ሰዎች እንጂ ተፈጥሮ አይደለችም፤ ያበጁት ሰዎች ሊያጠብቡት ይችላሉ። የስልክ አስመጪ በሚያስገባው ስልክ ላይ ምን ተጭኖ እንደመጣ በአማርኛ ጽፎ ቢሰጥ፣ ሻጩም ስልኩን ሲያስረክብ የማይጠፉትን አፖች ለገዢው ቢያሳይ፣ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ይህን ግዴታ ቢያደርገው፣ የጠጋኙ ሥራ በእጅጉ በቀለለ ነበር። እስከዚያው አንባቢ ዛሬውኑ ሦስት ዝርዝሮችን ከፍቶ ይመልከት፤ መልእክት እንዲልኩ የፈቀደላቸውን ድረ ገጾች፣ በሌሎች ላይ እንዲታዩ የፈቀደላቸውን አፖች፣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሰጣቸውን። ከእነዚያ ውስጥ ለምን እንደፈቀደ ራሱ ሊያስረዳ የማይችለውን ሁሉ ይሻር።